ስልኩን ለአባባ ስጪው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የሚያወሩት ስለ አንድ በሽታ ነው፤ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር። ፕሮስቴት ወንዶች ብቻ ያላቸው፣ ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ እጢ ነው። አራቱም ቤት ሌሊቱ ስልክ ላይ ነው የሚያልቀው። አንዱ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላው ቁጥር ያስገባል፣ ሌላው የሰው አስተያየት እያነበበ ሲደናገጥ ያድራል። ኢንተርኔት ላይ ሕክምናውን ለመምረጥ የሚረዳ ጥሩ ነገር አለ፤ መርዝም አለ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነዚህ አራት ሰዎች ሰጥቼዋለሁ። ስማቸውን አስቀርተናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እንዴት እንወስንለት?»

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ከአገር ቤት መጥቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ለስኳሩ ክትትል ሄዶ ደም ሲሰጥ ፒኤስኤ የሚሉት ነገር (ከፕሮስቴት የሚወጣ፣ በደም ምርመራ የሚለካ) 7.2 ሆነ። ኤምአርአይ ተነሳ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ግሊሰን (ካንሰሩ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ከናሙናው የሚሰጥ ደረጃ) 3+4 ነው አሉን። ዶክተሩ ‹ክትትል አለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ጨረር አለ፤ አስቡበትና ምረጡ› ብሎ ወረቀት ሰጥቶ ሸኘን። ክሊኒክ ስንሄድ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። ለአባባ ‹ትንሽ እብጠት ናት› አልኩት። ካንሰር የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከወንድሞቼ ጋር ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ከፍተናል። ዳላስ ያለው ‹ዛሬ ነገ ሳይባል ይውጣለት› ይላል። አክስቴ ከአዲስ አበባ በየቀኑ የዩቲዩብ ቪዲዮ ትልካለች። እኔ ደግሞ ሌሊት ስጎረጉር አድራለሁ፣ ባነበብኩ ቁጥር ይብስብኛል። የቱን ድረ ገጽ ልመን? እንዴትስ እንወስንለት?»
(ልጅ ነኝ፣ ከሜሪላንድ)

እህቴ፣ ድረ ገጹን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን መጨረሻ ላይ የጻፍሻትን ልያዝ። «እንዴት እንወስንለት» ብለሻል። አባትሽ ልጆች አሳድገዋል፣ በስተርጅና አገር ለቀው መጥተዋል፣ አእምሯቸው ጤነኛ ነው። ውሳኔው የእሳቸው ነው። እናንተ ልትወስኑ የምትችሉት እንዴት እንደምታግዟቸው ነው።

ለምን እንደደበቅሽ ይገባኛል። እኛ ቤት ክፉ ወሬ እንዲሁ ዱብ አይደረግም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው የሚነገረው። ይኼ ግን መርዶ አይደለም። ፕሮስቴት ውስጥ ብቻ ያለ፣ ወደ ሌላ ቦታ ያልሄደ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ብዙ ወንዶችም አብረውት አርጅተው በሌላ ነገር ይሞታሉ። ደግሞስ እስከ መቼ ትደብቂያለሽ? ጨረር ቢመረጥ የሚሄዱበት ሕንፃ በሩ ላይ ካንሰር ሴንተር ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዝኛው ባይገባቸው እንኳ ያቺን ቃል ያውቋታል። ከበር ላይ ከሚያነቡት ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ዳላስ ላለው ወንድምሽ ደግሞ ይኼን ንገሪው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለው ሁኔታ ለማሰብ ጥቂት ሳምንታት መውሰድ ጉዳት የለውም። ዶክተሩን በቀጥታ «ለመወሰን ምን ያህል ጊዜ አለን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ ግማሹ ጭንቀት ይወርዳል።

«ምረጡ» መባሉ እንዳስቀየመሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚሰማው፤ ዶክተር ሆኖ እንዴት አያውቅም ይላል። ግን ዶክተሩ ኃላፊነት ሸሽቶ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ፕሮቴክት የተባለ ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ካንሰራቸው ፕሮስቴት ውስጥ ብቻ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ገሚሱ በክትትል ብቻ (ሕክምና ሳይጀምሩ በየጊዜው እየተመረመሩ)፣ ገሚሱ በቀዶ ሕክምና፣ ገሚሱ በጨረር። የ15 ዓመቱ ውጤት በ2023 ወጣ። በሦስቱም ቡድን ከ100 ሰው 97 ያህሉን ፕሮስቴት ካንሰር አልገደላቸውም። ሦስቱም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነት የታየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በክትትል ከቆዩት ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ከ100 ወደ 9 ሲሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ከወሰዱት ግን ወደ 5 ናቸው። በክትትል ከጀመሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በ15 ዓመቱ ውስጥ ወደ ሕክምና ገብተዋል።

ሕክምናውም ዋጋ ያስከፍላል። ቀዶ ሕክምና ካደረጉት በ6ኛው ወር ላይ 46 በመቶው ለሽንት ማምለጥ ፓድ ይጠቀሙ ነበር። በ6ኛው ዓመት ላይ 17 በመቶ ሆነ። በጨረሩ በኩል በ6ኛው ዓመት 4 በመቶ ብቻ ነው። ለግንኙነት የሚበቃ የወሲብ አቅም ያላቸው በ6ኛው ወር ከክትትሉ ቡድን 52 በመቶ፣ ከጨረሩ 22፣ ከቀዶ ሕክምናው 12 በመቶ ነበሩ። ጨረር ደግሞ አንጀት ላይ ጣጣ አለው፤ ሰገራ ቶሎ ቶሎ ማስፈለግ፣ አልፎ አልፎ ደም ማየት። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ካንሰሩ ቢመለስ ጨረር መስጠት ይቻላል፤ ከጨረር በኋላ መቅደድ ግን ከባድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ዶክተሩ ለምን «ምረጡ» እንዳለ ይገባዋል። ዕድሜው ተቀራራቢ ነው፣ የሚለያየው ኑሮው ነው። የአባትሽን ኑሮ ደግሞ ከራሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

እስቲ አስቢው። አባትሽ ሌሊት ተነስተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ፣ ሦስትና አራት ሰዓት ቆመው የሚውሉ ሰው ከሆኑ፣ ሽንት የማምለጥ ነገር ለእሳቸው ምን ማለት ነው? ሙስሊም ከሆኑስ ውዱአቸውን አምስት ጊዜ የሚጠብቁ ሰው ሽንት ጠብ ባለ ቁጥር ምን ይሰማቸዋል? (ሃይማኖቱ ለሕመምተኛ መላ አለው፣ ኢማማቸውን መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።) ይኼን ጥያቄ የትኛውም ድረ ገጽ አይጠይቃቸውም። ወንድምሽም ከዳላስ ሆኖ አይመልስላቸውም። ሌላው ሰው ደግሞ «ካንሰር በውስጤ እያለ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ፓዱን እችለዋለሁ» ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ነው።

አሁን ስለ ማስተርጎሙ። ከዛሬ ጀምሮ ተይው፣ እባክሽ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት፤ የጤና መድን ሕጉ ክፍል 1557 ነው። አጠገባችሁ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ እንኳ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛም በዚያ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ስታስይዢ «አማርኛ አስተርጓሚ» በይ፤ በስልክም በቪዲዮም ይቀርባል። ይኼን የምልሽ እንግሊዝኛሽ አያስተማምንም ብዬ አይደለም። በሴት ልጁ ፊት «ከሚስቴ ጋር መሆን እችላለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አባት የለም። አንቺ ክፍሉ ውስጥ ካለሽ ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ውሳኔውም ያለሱ ይወሰናል። ለዚያ ለአሥር ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ።

ወደ ድረ ገጹ እንምጣ። አንደኛ፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ፕሬዲክት ፕሮስቴት የሚባል መሣሪያ አለ። ነፃ ነው፣ ምዝገባ አይጠይቅም። የሚጠይቅሽ ዕድሜ፣ ፒኤስኤ፣ የካንሰሩን ደረጃ፣ ከናሙናው ስንቱ ላይ ካንሰር እንደተገኘ እና ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩን ነው። የናሙናው ውጤት የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ የቀረውን ክሊኒኩን ጠይቂ፤ ግሊሰን 3+4 የሚለውን ግሬድ ግሩፕ 2 ብለሽ አስገቢ። ከዚያ በ10 እና በ15 ዓመት ውስጥ ሕክምና ሳይወስዱ ቢቆዩና ወዲያው ቢወስዱ የመኖር ዕድላቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳያል። ውጤቱን በሰንጠረዥ ማየት ይቻላል፣ በትናንሽ የሰው ምስሎችም ይቻላል። እኔ የምወደው ምስሎቹን ነው፤ 100 ሰዎች ተደርድረዋል፣ ቀለማቸው ይለያያል፣ እንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልግም። አባትሽ በጣታቸው እየቆጠሩ ሊያዩት ይችላሉ። ስልኩን ስጪያቸውና አጠገባቸው ቁጭ በይ። ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ ወንድሞችሽ ግሩፕ ላይ አትጣይው፣ እሳቸው ካልፈቀዱ።

ይኼን ግን እወቂ፤ መሣሪያው የተሠራው ከብሪታንያ ታካሚዎች መረጃ ነው፣ አብዛኞቹም ነጮች ናቸው። ፕሮቴክት ላይም የተሳተፉት ሁሉም ነጮች ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁጥሩን ፍርድ አታድርጉት። አትማችሁ ለዶክተሩ ይዛችሁ ሂዱና «ለአባታችን የሚለየው ምንድን ነው? የእሳቸው 3+4 ለክትትል ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ብላችሁ ጠይቁ። 3+4 መሐል ላይ ያለ ውጤት ነው። ለአንዳንዱ ክትትል ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም፤ የሚለየው ኤምአርአዩና የናሙናው ዝርዝር ነው። የሆርሞን መርፌ (የወንድ ሆርሞንን የሚያወርድ) ከተነሳ ደግሞ ስለ ስኳራቸው ጠይቁ፣ መርፌው ስኳርን ሊያባብስ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ኤንሲሲኤን የሚባለው የአሜሪካ የካንሰር ማዕከላት ኅብረት ለታካሚዎች ብሎ የጻፈው መጽሐፍ በነፃ ይወርዳል፤ አንዱ ገና ላልተሰራጨ፣ ሌላው ለተሰራጨ። ረጅም ነው፤ ጥያቄ የሚዘረዝሩትን ገጾች ብቻ ብታነቡ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ዚሮ ፕሮስቴት ካንሰር የሚባለው ድርጅት ይኼን መንገድ ካለፈ ወንድ ጋር በስልክ ያገናኛል። አማርኛ የሚችል ላይገኝ ይችላል። ከሆነ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ቀስ ብሎ መጠየቅ ነው፤ እመኚኝ፣ ያለፈበት ሰው አይጠፋም፣ የሚናገር ነው የጠፋው።

የአክስትሽን ቪዲዮ በተመለከተ፣ በ2018 መጨረሻ አንድ የምርምር ቡድን ዩቲዩብ ላይ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር ያሉ 150 ቪዲዮዎችን መርምሮ ነበር። 77 በመቶው በቪዲዮው ወይም ከሥሩ ባሉት አስተያየቶች ውስጥ አሳሳች ወይም ያደላ ነገር ተገኘበት። የበለጠ ተመልካች ያገኙትም ጥራታቸው ዝቅ ያሉት ነበሩ። አክስትሽን አትቆጫት። «እትዬ፣ ይኼን ዶክተሩን እንጠይቀዋለን» በያትና አመስግኛት።

አባባን የምትነግሪያቸው ቀን ወሬውን በማንዴላ ብትጀምሪው ጥሩ ነው። ኮልፌ የሠለጠኑትን ሰውዬ የማያውቅ የእሳቸው ዕድሜ ሰው የለም። ማንዴላ በ2001 ፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው፣ ለዓለም ሁሉ አስነገሩት፣ ጨረር ወሰዱ፣ በ2013 በ95 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ «አባባ፣ ያንተም እንደዚያው ነው። ሦስት መንገድ አለ፣ የምትመርጠው አንተ ነህ» በይና ዝም በይ። ቀጥለው የሚናገሩትን ስሚ።

«ዝም ብለን እንይህ አሉኝ»

«ጤና ይስጥልኝ። ለንደን ነው የምኖረው፣ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። ግሊሰን 3+3 ተብዬ ክትትል ላይ አስቀመጡኝ። ባለቤቴ እንቅልፍ አጥታለች። ቴሌግራም ላይ አንድ የሐበሾች ግሩፕ ውስጥ ስጽፈው ‹ጥቁር ስለሆንክ ነው፣ ወጪ እየቆጠቡብህ ነው› አሉኝ። አንዱ ቱርክ ሄዶ አስወጥቶ ተገላግያለሁ ይላል። እኔም ያለኝን አጠራቅሜ ብሄድስ?»

ጋሼ፣ በቅድሚያ የሚያስደስተውን ልንገርዎ። 3+3 ከደረጃዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ክትትልን መምረጥ አሁን በዓለም ላይ የተለመደ ሕክምና ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ መድን ያለው ሰው የፈለገውን ቀዶ ሕክምና ማግኘት በሚችልበት አገር፣ በ2014 ክትትልን የመረጡት ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው ወንዶች ሩብ ያህሉ ነበሩ፤ በ2021 ወደ 60 በመቶ ደርሰዋል። ስለዚህ «ለጥቁር የተተወ ነው» የሚለው ልክ አይደለም።

ጥርጣሬው ግን ከመሬት አልተነሳም፣ ያንን አላጣጥልብዎትም። ብሪታንያ ውስጥ በሕይወት ዘመኑ ፕሮስቴት ካንሰር የሚያገኘው ከ8 ወንድ አንዱ ሲሆን፣ ከጥቁር ወንዶች ግን ከ4 አንዱ ነው። ጥናቶቹም በብዛት የተሠሩት በነጮች ላይ ነው። ይኼ ማለት ለእርስዎ ክትትሉ የምር ክትትል መሆን አለበት ማለት ነው። በአገሪቱ መመሪያ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት ፒኤስኤ በየ3 እና 4 ወሩ ይታያል፣ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ኤምአርአይ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ ፒኤስኤ በየ6 ወሩ ነው። ቀጠሮዎቹ ተይዘውልዎታል? ካልተያዙ ደውለው ይጠይቁ። የተላከልዎትን ደብዳቤም አንዴ ያንብቡት። «አክቲቭ ሰርቬላንስ» ነው የሚለው ወይስ «ዋችፉል ዌይቲንግ»? የመጀመሪያው ካንሰሩ ከተነቃነቀ ለማዳን ብሎ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ ለገፉ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ነው፤ ምርመራውም ጥቂት ነው። ለ58 ዓመት ጤነኛ ሰው ሁለተኛው ከተጻፈ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

አንድ ሌላ ጥያቄም ይጨምሩ፤ «ምን ስታዩ ነው ወደ ሕክምና የምታስገቡኝ?» የሚል። መልሱ ግልጽ ከሆነ ባለቤትዎም ትረጋጋለች። ቢችሉ ይዘዋት ይሂዱ። ከቀጠሮ ውጭ ደግሞ ፕሮስቴት ካንሰር ዩኬ የሚባለው ድርጅት በስልክም በኢንተርኔት መልእክትም የሚያናግሩ የሠለጠኑ ነርሶች አሉት፣ በነፃ። ደብዳቤዎን ፊትዎ አድርገው ቁጥሮቹን ያንብቡላቸው። በጥድፊያ አያናግሩም።

ቴሌግራሙን ይተዉት አልልዎትም። የሐበሻ ወንድ እዚያ ነው ገበናውን የሚያወራው፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ይዞ እንዴት እንደተኛ፣ ስንት ሳምንት ከሥራ እንደቀረ፣ ሱሪው ውስጥ ምን እንዳደረገ ከማንም ሐኪም በተሻለ የሚነግርዎ ያለፈበት ሰው ነው። «ምን ላድርግ» ለሚለው ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ የእሱ ግሊሰን ስንት ነበር? ምናልባት 4+4 የነበረ ሰው ይሆናል ‹ቶሎ አስወጣው› የሚልዎ። ለእሱ ትክክል ነበር። ለ3+3 ግን ምናልባት ዕድሜ ልክ የማይነካዎትን ነገር ለማስወጣት ሽንትዎንና የወሲብ አቅምዎን አደጋ ላይ መጣል ነው። ቱርክ ሄደው ቢቀደዱ ደግሞ ካቴተሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ተመልሰው ለንደን ላይ ኢንፌክሽን ቢይዝዎት የሚያክምዎ ያልቀደደዎት ሐኪም ነው። አውቶቡስ ለሚነዳ ሰው፣ በየመቆሚያው ሽንት ቤት ለማያገኝ ሰው፣ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

መደበቁንም እየቀነሱ ቢሄዱ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ጥቁሩ ጄኔራል ሎይድ ኦስቲን በታኅሣሥ 2023 የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አድርገው ለፕሬዝዳንቱ እንኳ አልተናገሩም ነበር። ከቀናት በኋላ ኢንፌክሽን ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ፣ ነገሩም አገር ያወቀው ሆነ። ኋላ ራሳቸው ወጥተው መናገር ነበረብኝ አሉ። ወንድም ካለዎት ቢያንስ ለእሱ ይንገሩት። የእርስዎ ካንሰር ለእሱ ሥጋት ነው፤ ከ45 ዓመት ጀምሮ ሐኪሙን ማነጋገር አለበት።

«ፒኤስኤ 11፤ ወንድሜ ካንሰር ነው አለ»

«ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። አባታችን 70 ናቸው፣ ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ላብራቶሪ ፒኤስኤ 11 አለ። ቶሮንቶ ያለው ወንድሜ ቁጥሩን ቻትጂፒቲ ላይ አስገብቶ ካንሰር ነው አለን። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ፕሮስቴት የሚያሟሽሽ ቅጠል የሚሸጥ ሰው አገኘን። ናሙና ይወሰድ ተብሏል፣ አባባ ግን ፈርተዋል።»

ፒኤስኤ 11 ብቻውን ካንሰር አይደለም። መመርመር ያለበት ቁጥር ነው። በዕድሜ የሚመጣው ተራ የፕሮስቴት ማበጥ ፒኤስኤን ከፍ ያደርጋል፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ያደርጋል፣ ካቴተር መግባቱም ያደርጋል፣ ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ወይም ሁለት ቀን የተደረገ ግንኙነትም ትንሽ ያነሳዋል። ኢንፌክሽን ካለ ታክሞ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። አባትሽ ለሽንት ብለው ፊናስተራይድ የሚባለውን መድኃኒት ከወሰዱ ደግሞ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው። ያ መድኃኒት ወራት ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ያወርደዋል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 11 የእውነት 22 ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወንድምሽን አመስግኚው፣ ግን ቻትጂፒቲ የአባታችሁን ፕሮስቴት አላየም። ናሙና ሳይወሰድ የትኛውም መሣሪያ፣ ከላይ ያልኩትም ቢሆን፣ ስለ ሕክምና ምርጫ ሊናገር አይችልም፤ ግሊሰን የሚታወቀው በናሙና ብቻ ነው። ወንድምሽ ማገዝ ከፈለገ ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስረዳ ጽሑፍ ፈልጎ በአማርኛ ይተርጉምላቸው። አባትሽ የፈሩት የማያውቁትን ነው። በማደንዘዣ ነው የሚደረገው። ሲጨርሱ ጥቂት ቀን ሽንት ወይም የዘር ፈሳሽ ላይ ደም ሊታይ ይችላል። ትኩሳት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ቅጠሉን አትግዙ። ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ ጊዜም ያባክናል። ፀበል ከፈለጉ ይጠመቁ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚላኩላችሁ ድረ ገጾች ይኼን አይጽፉም። እነሱ የጨረር ማሽኑ ከቤት አጠገብ እንዳለ አድርገው ነው ምርጫውን የሚያስቀምጡት። እኛ አገር ጨረር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ በቅርብ ዓመታት ነው እንደ ጅማና ሐረር ያሉ ከተሞች የተጨመሩት። ወረፋው ራሱ የውሳኔው አካል ነው። ስለዚህ ናሙናው ካንሰር ካሳየ ዩሮሎጂስቱን (የሽንትና የፕሮስቴት ሐኪሙን) «ጨረር ብንመርጥ ተራው መቼ ይደርሰናል? እስከዚያ ምን ይሰጣቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ከላይ ለሜሪላንዷ ልጅ የጻፍኩት ምርጫ አይመለከታችሁም። ያኔ የሚመረጠው በየጊዜው በሚሰጥ የሆርሞን መርፌና የዘር ፍሬን በማውጣት ቀዶ ሕክምና መካከል ነው። ሁለቱም የሚሠሩት የወንድ ሆርሞንን በማውረድ ነው፤ ሁለተኛው አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው፣ ግን አይመለስም። ያንን አባትሽ ሳያውቁት፣ ልጆች ተማክረው መፈረም ነውር ነው። የጀርባ ሕመም ኖሯቸው እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

«እሱ እምቢ ካለ እኔ ልግባ?»

«ሲያትል ነው ያለነው። ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ቀዶ ሕክምና አለው። በቪዲዮ የሚደረግ የታማሚዎች ስብሰባ አለ ብለውን ነበር፣ ‹ገበናዬን ለፈረንጅ አላወራም› ብሎ ተወው። እኔ በእሱ ፋንታ ብገባ ነውር ነው?»

ነውር አይደለም፣ ግቢ። ብዙዎቹ ስብሰባዎች ለሚስቶችም ክፍት ናቸው፣ ለሚስቶች ብቻ የተዘጋጁም አሉ። ካሜራሽን ማጥፋት ትችያለሽ፣ ስምሽን መቀየር ትችያለሽ፣ ዝም ብለሽ ማዳመጥ ትችያለሽ። ለእሱ ግን ንገሪው፤ ተደብቀሽ እንዳትገቢ። ከሰማሽው ውስጥ አንድ ጠቃሚ ነገር ብቻ ይዘሽ ውጪና ቡና ላይ ንገሪው። ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ ከጀርባሽ ቆሞ ይሰማል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ። ለወሲብ አቅም የሚያገለግሉት ነርቮች ይተርፉ እንደሆነ አንዱ ነው፤ ቢተርፉም ወደ ቀድሞው ለመመለስ እስከ ሁለት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ፣ በመሐል የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። ሌላው የዳሌ ሥር ጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። ሽንት ሲመጣ እንደምንቋጥረው ጡንቻውን ጨብጦ መልቀቅ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቆ ከአሁኑ ቢጀምረው ይሻላል።

ለቤት ደግሞ ወገቡ ሰፋ ያለ ሱሪ ግዢለት፤ ካቴተሩ ይዞት እያለ ጂንስ አይታሰብም። ካቴተሩ የሚወጣበት ቀን ፓድና ቅያሪ ሱሪ በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። መኪናው ወንበር ላይም ፎጣ አንጥፊ።